በቤታችን ካለው ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከነቢያት ወገን የነበረ ባሏ የሞተባት አንዲት መበለት ወደ ኤልሳዕ መጥታ፥ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት እንደ መጣ በለቅሶ ስትነግረው፥ ነቢዩ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነው (2ኛ ነገሥት 4)። እርሷም ምንም እንደሌላት ተናገረች። ውሸቷን አልነበረም። ነገር ግን በዚያው አላቆመችም፤ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ስትል ጨመረች። ልጆቿን ያዳነው ዘይት የተቀዳው ከዚህች «በቀር» ከምትባል ትንሽ ቃል ውስጥ ነው። «የለኝም» ብላ ዝም ብትል ኖሮ ነቢዩ ምን ይባርክላት ነበር? ደግሞም ዘይቱ የሚሞላበትን ባዶ ዕቃ ከጎረቤት እንድትዋስ ማዘዙን አንርሳ። ከእርሷ ቤት ጥቂት ዘይት፥ ከጎረቤት ቤት ባዶ ማድጋ፥ ከእግዚአብሔር ዘንድ በረከት።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር በተደረገው የአባላት ስብሰባ፥ ለርእሰ ዐውደ ዓመት ለሕሙማን፥ ለአረጋውያንና ከቤት መውጣት ለማይችሉ ምእመናን የ«እንኳን አደረሳችሁ» ካርድ ይዘን እንሂድ የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። አሳቡን የጠላ አልነበረም። ገንዘብ ያዥዋ እኅታችን ሣጥኑን ከፍታ ስታሳይ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። ገሚሱ «መዋጮ አውጥተን የታተመ ካርድ እንግዛ» አለ፤ ገሚሱ «ለዘንድሮ ይቅርብን» አለ። ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣነው ጥቂቶች ያቀረብነው ሦስተኛውን ነው፤ ይኸውም እንደ መበለቲቱ በየቤታችን ያለውን አስቀድመን እንቁጠር የሚል ነበር።

ሲቆጠር ብዙ ተገኘ። ድንች፥ ቀይ ሽንኩርት፥ የለስላሳ ቆርኪ፥ የጠርሙስ ቡሽ፥ ከአሮጌ ኮት የወለቀ ቁልፍ፥ ክሩ ያለቀበት ማጠንጠኛ፥ ሹካ፥ ማበጠሪያ፥ የተበላ በቆሎ ቆረቆንዳ፥ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ፥ ጆሮው የተሰበረ ሲኒ። እነዚህ ሁሉ ቀለም ነክተው በወረቀት ላይ ካረፉ ማኅተም ናቸው።

«ይህማ የሕፃናት ጨዋታ ነው» ያሉ ነበሩ። መልሳችን አጭር ነው። ድንጋይ እንዲቀርጽ፥ እንጨትም እንዲጠርብ ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው እግዚአብሔር ነው (ዘጸአት 31)። የእጅ ሥራ ለቤተ መቅደስ ከበቃ ለአንድ ታማሚ ቤት አያንስም።

ደግሞም በአገራችን ለበዓል በእጅ የተሠራ ነገር መስጠት አዲስ ልማድ አይደለም። በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች ዐደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በየደጃፉ ሲዞሩ፥ ወንዶቹ ደግሞ በቀለም የሣሉትን መልአክ፥ ፀሐይ ወይም አበባ ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ባለቤቱም ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። ዛሬ ዛሬ ታትሞ የሚሸጠውን ገዝተው የሚያዞሩም አሉ። አንወቅሳቸውም። ሆኖም አንዱ ክንፉ ከሌላው ያነሰ፥ ዓይኑ ከፊቱ የሰፋ፥ ልጁ ራሱ የሣለው መልአክ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ አይተናል፤ የተገዛው ግን ከበዓሉ ማግሥት በኋላ የት እንደሚገባ እንጃ።

የታተመው የበዓል ካርድ አጀማመሩም ለነገራችን ይረዳል። በ1843 እ.ኤ.አ. በለንደን ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሹም ለገና መልስ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች ቢበዙበት፥ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠርቶ አንድ ሺህ ያህል ቅጂ አሳተመ። አንዱ ካርድ በአንድ ሺሊንግ ይሸጥ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ድሀ የማይቀመስ ዋጋ ነው። በሥዕሉ መካከል በማዕድ ዙሪያ ያለ ቤተሰብ ይታያል፤ በአንዱ ጎን የተራበ ሲበላ፥ በሌላው ጎን የታረዘ ሲለብስ ተሥሏል። የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። ጊዜ ያጠረው ሰው ያሠራው ካርድ እንኳ የተቀባዩና የላኪው ስም በእጅ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ነበረው። በዘመናችን በስልክ የሚደርሰን፥ አንዱ ከሌላው ተቀብሎ እንዳለ የሚያሳልፈው የበዓል ሥዕል ይህች ባዶ ቦታ የለችውም። ለሁሉም የተላከ በመሆኑ ተቀባዩ ለእርሱ ይሁን ለሌላ በምን ያውቃል?

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ድንቹን በተመለከተ አንዲት እናት ገና ሳንጀምር «የሚበላ ነገር በቀለም አትጫወቱበት፤ የሚራብ ሰው ባለበት አገር ነውር ነው» ብለው አሳስበውናል። ቃላቸውን ደንብ አድርገነዋል። ፀሐይ መትቶት ቆዳው የአረንጓዴ መልክ የያዘ ድንች መራራና ለጤና የማይስማማ ስለሆነ ለመብል አይቀርብም፤ ለማኅተም ግን እንደ ሌላው ጠንካራ ነው። የምንሰበስበው እርሱን ብቻ ነው። በየጓዳው ማዕዘን ሁለት ሦስት አይጠፋም።

ድንቹ በስለታም ቢላዋ በአንድ ምት ለሁለት ይቆረጥ። ቢላዋው ከተመላለሰ ፊቱ ወጣ ገባ ይሆንና ቀለሙን በከፊል ብቻ ይይዛል። ድንች ውኃ የበዛበት ስለሆነ የተቆረጠው ፊት በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ አለዚያ ውኃው ቀለሙን ያቀጥነዋል። ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ቅርጽ በእስክሪብቶ ይነደፋል፤ በዙሪያው ያለውም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይወጣል። ለታናናሾቻችን ቢላዋም ምላጭም አይሰጥ፤ ታላላቆች ይቅረጹ፥ ታናናሾች ያትሙ።

ቀለሙ በቀጥታ በድንቹ ላይ አይቀባም። ስፖንጅ ወይም ደጋግሞ የታጠፈ ጨርቅ በሰሃን ላይ ተደርጎ ቀለሙን ይጠጣል፤ ድንቹም በእርሱ ላይ ቀስ ብሎ ይጫናል። ከካርዱ ሥር አሮጌ ጋዜጣ ታጥፎ ቢነጠፍ ግፊቱ እኩል ይደርሳል። የመጀመሪያው ኅትመት ቀለም ስለሚበዛበት በውዳቂ ወረቀት ላይ ይሁን። ቀጥ አድርጎ መጫን፥ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው፤ እጁ የሚንሸራተት ሰው አበባውን ደመና ያደርገዋል።

ለዐደይ አበባ አንዲት የአበባ ቅጠል ብቻ ቀርጾ፥ በቢጫ ቀለም እየነከሩ ዙሪያውን ደጋግሞ ማተም ይበቃል። መካከሉን የእርሳሱ ላጲስ በቡናማ ቀለም ይነካዋል። ቆርኪ በጥርሱ በኩል ቢያርፍ የጠዋት ፀሐይ ይሆናል፤ ለዚያውም 21 ጨረር ያላት ፀሐይ (የማያምን የተለመደውን የለስላሳ ቆርኪ ጥርስ ይቁጠር)። ለሁለት የተቆረጠ ሽንኩርት አንዱ በአንዱ ውስጥ ያለ ክብ ያወጣል። የሹካ ጥርስ በአረንጓዴ ቀለም ጎን ለጎን ሲደረደር ለዓውደ ዓመት የተጎዘጎዘ ቄጤማ ይመስላል። ቆረቆንዳ ቀለም ተቀብቶ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቢንከባለል እንደ ጥለት ያለ ነገር ይተዋል፤ ከሁሉ እኛ የወደድነው ይህን ነው። ቁልፍ በቡሽ ላይ ተጣብቆ፥ ሲባጎ በእንጨት ላይ ተጠምጥሞ፥ ሲኒው በአፉ ተደፍቶ ምን እንደሚሠሩ ደግሞ እናንተው ሞክራችሁ ንገሩን።

ፊደል መቅረጽ የሚወድ አንድ ነገር ልብ ይበል። ማኅተም እንደ መስተዋት ይገለብጣል። «ቡ» በወረቀት ላይ ቅጥያዋ በቀኝ እንዲወጣ በድንቹ ላይ በግራ መቀረጽ አለባት። «በ» እና «ሠ» ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ አያስቸግሩም። የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፥ መዝሙረ ዳዊት፥ በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ ሲታተም ፊደሎቻችን የቆሙት እንዲሁ ተገልብጠው ነው። ይህች ጋዜጣችን የምትባዛበት ስቴንስል ግን አይገለብጥም፤ ቀለሙ በቀዳዳው ያልፋልና።

ድንች ሲቀርጽ የዋለ ሰው ሌላም ነገር ይገነዘባል። በወረቀቱ ላይ የሚታየው ቢላዋው የነካው ሳይሆን ቢላዋው ያለፈው ነው። መስቀል እንዲታይ መስቀሉን አንቆርጥም፤ መስቀል ያልሆነውን ሁሉ ቆርጠን እናወጣለን። የጾምና የንስሓ ትምህርት በጉባኤ ሲሰጠን ይህን ድንች ብናስብ ብዙ ነገር ይገባናል።

ስለ ማኅተም መጽሐፍ ቅዱስ በብዙ ቦታ ይናገራል፤ ግን ሁሉም ማኅተም አንድ ዓይነት አይደለም። የሚዘጋ ማኅተም አለ። ዳንኤል በተጣለበት ጉድጓድ አፍ ላይ የተገጠመውን ድንጋይ ንጉሡ በቀለበቱ አተመው (ዳንኤል 6)፤ የጌታችንንም መቃብር ጠባቂዎች አተሙት (ማቴዎስ 27)። ሁለቱም ማኅተሞች በውስጥ ያለውን ይዘው መቆየት አልቻሉም። የሚሸከም ማኅተም ደግሞ አለ። ሊቀ ካህናቱ አሮን ወደ እግዚአብሔር ፊት ሲገባ በትከሻው ላይ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ነበሩ፤ በእያንዳንዱም ላይ ስድስት ስድስት የእስራኤል ልጆች ስም እንደ ማኅተም ተቀርጾ ነበር። በደረቱም ላይ አሥራ ሁለት ድንጋዮች፥ አሥራ ሁለት ስሞች (ዘጸአት 28)። እስራኤልን በጅምላ የሚያመለክት አንድ ምልክት አይበቃም ነበርን? ለአሮን ግን የታዘዘለት ስም በስም እንዲሸከም ነው፤ ሸክሙም በትከሻና በልብ ላይ ነው።

እኛም ብንሆን እንዲሁ ነን። ከጥምቀት በኋላ በሜሮን በ36 የሰውነታችን ክፍሎች ታትመናል፤ ይህ ማኅተም ለንጉሥም ለእረኛም አንድ ነው። በዚያው ዕለት የተሰጠን የክርስትና ስም ግን የየራሳችን ነው። ማኅተሙ የሁላችን፥ ስሙ የእያንዳንዳችን።

ለካርዱም ይህንኑ ሥርዓት ተከተልን። ሥዕሉ በማኅተም ይሁን፥ ስሙ ግን በእጅ ይጻፍ አልን። ከዚህ በኋላ ከቅርጹም ከኅትመቱም ይልቅ ብዙ ቀን የፈጀው የስም ዝርዝሩ ሆነ። በየማለዳው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር የሚጠርጉትን እናት ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ ስማቸው የተገኘው ሦስት ሰው ተጠይቆ ነው። በደጀ ሰላሙ ዘወትር የሚቀመጡትን ዓይነ ስውር አባት ስማቸውን ራሳቸውን ስንጠይቃቸው «ለምን ፈለጋችሁት?» አሉ፤ ለመልካም ነገር የሚጠየቅ አልመሰላቸውም ነበር። የእንቁጣጣሽ ዕለት ቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። የዮሐንስ አባት ዘካርያስ አንደበቱ ተይዞ ሳለ መጻፊያ ሰሌዳ ለምኖ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ አልነበረም፤ የልጁን ስም ብቻ ጻፈ፤ ያን ጊዜም አንደበቱ ተፈታ (ሉቃስ 1)።

ከዝርዝሩ አንዱ ቤት ግን ብርቱ ክርክር አስነሣ። ከእኛው ጋር ይዘምር የነበረ አንድ ወንድማችን በሰኔ ወር ዐርፎ ነበር። እናቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሐዘን ቤት በዓል እንደማያከብር የታወቀ ነው፤ ቄጤማ አይጎዘጎዝበትም፥ አበባየሆሽ የሚሉትም ልጆች ደጁን ዝቅ ብለው ያልፉታል። ታዲያ ምን እናድርግ? አንዳንዶቻችን «ቁስላቸውን መቀስቀስ ነው፥ ይለፉ» አልን። ሌሎች «ለሁሉ የሄደ ለእርሳቸውም ይሂድ፤ መለየት ይከፋል» አሉ። ሁለት ምሽት ተከራከርን፤ በሁለቱም ወገን ፍቅር ነበረና ለመፍረድ ቀላል አልነበረም። አበባና ፀሐይ የታተመበትን ካርድ ይዞ ወደዚያ ቤት መግባት የማይታሰብ ነው። ነገር ግን በደስታ የሚሆኑትን ብቻ የምንጎበኝ ከሆነ ከዘፋኝ ልጆች በምን እንለያለን? ጳውሎስ ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስን ከሚደሰቱት ጋር ከመደሰት ጎን ያኖረው (ሮሜ 12) በዓል እየለየ አይደለም።

በመጨረሻ አንዲት እኅታችን ከትንሽ ድንች አንድ መስቀል ቀረጸች፤ ሌላ ጌጥ አልጨመረችበትም። በጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት መካከል አተመችው። ከሥሩ «እንኳን አደረሰዎ» አልተጻፈም። የወንድማችን የክርስትና ስም ተጻፈ፥ በቅዳሴው ጸሎት ስሙን እንዳስጠራንም ተጨመረ። ሦስት ሆነን ሄድን። እናቱ ወረቀቱን ተቀብለው መስቀሉን ተሳለሙና ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ደግመውም አነበቡ። ከሰኔ ጀምሮ በዚያ ቤት ስሙን የጠራ ሰው እንዳልነበረ የነገሩን ያን ጊዜ ነው፤ መጪ ሂያጁ ሁሉ እንዳያስለቅሳቸው ብሎ ከስሙ ሲሸሽ፥ እርሳቸውም መጪውን እንዳያሳዝኑ ብለው ሲደብቁት ከርመዋል። ካርዱን በዳዊታቸው መካከል አስገቡት። አለቀሱም፤ እኛም አብረን አለቀስን። ከዚያ ቡና አፈሉልንና ገና ሕፃን ሳለ መዝሙር ሲያጠና ቃሉን እንዴት ያጣምም እንደነበረ ሲነግሩን ሣቅን።

ሁለቱም አሳቦች፥ ይለፉ ያለውም ይሂድ ያለውም፥ ስም አጥተው ነበር። ቆርኪውና ድንቹ ያደረጉት ቢኖር እኛን እስከዚያ ደጃፍ ማድረስ ነው።

ካርዱን ስለ ማድረስ ጥቂት እንበል። በአገራችን ፖስታ የሚደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ነው እንጂ እስከ ሰው መኖሪያ አይደለም። ብዙዎቹ የእኛ ሕሙማንና አረጋውያን ደግሞ የፖስታ ሣጥን የላቸውም። ይህ ጉድለት ለእኛ ጥቅም ሆኖልናል፤ ካርዱ በእግር ካልሄደ አይደርስምና። የመስከረም መባቻ ጭቃው ገና ያልደረቀ ስለሆነ ካርዱን በላስቲክ መጠቅለል አይረሳ። በቤይሩት፥ በሪያድና በዱባይ በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ በሚሄድ መንገደኛ እጅ ልከናል፤ ሻንጣ እንዳይከብድበት ከካርቶን ይልቅ በስስ ወረቀት ላይ ማተም ይሻላል። አንዷ ካርዷን በሻንጣዋ ክዳን ውስጠኛ ክፍል እንደ ለጠፈችው፥ ቢጫው አበባ ትንሽ እንደ ፈዘዘ፥ ስሟ ግን እንደሚነበብ ጽፋልናለች።

ዘንድሮ ሥራው የሚጀመረው ጳጉሜን 1 ቀን ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ነው። የተቀረጸ ድንች ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይና ስለሚጨማደድ ከዚያ በፊት የሚቀርጽ ይደክማል እንጂ አይጠቅምም። ነጭ ወረቀትና ቀለም ከጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። ሌላውን ሁሉ ከየቤታችሁ አምጡ፤ በቤታችሁ ያጣችሁትን እንደ መበለቲቱ ከጎረቤት ተዋሱ። የስም መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የምታውቁትን ሰው ስም እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንድትጽፉ እንለምናለን፤ ከስሙ አጠገብም የቤቱን ምልክት አስፍሩ፥ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወይም ከዋርካው ሥር እንደሚባለው። የሐዘን ቤት ከሆነ በጎኑ ትንሽ መስቀል አድርጉበት፤ የሟቹን የክርስትና ስም የሚያውቅም ይጻፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።